ለቃለ መጠይቁ በወጣንበት ጠዋት

ለምወድሽ እታለሜ ሚላግሮስ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? የእማዬ ስኳር ጋብ አለላት? ባልሽ ኔልሰን፣ ልጅሽ ዩዴልካ፣ ዶሮዎችሽ ሳይቀሩ ደህና ናቸው? እኔና ኤፍራይን በሕይወት አለን፤ ይህን የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም።

ጎረቤታችሁ እማማ ቴልማ ስሜን እየጠራች «የዮካስታ ባል ልጄን አስደብድቦ አንካሳ አደረገብኝ» እያለች መንደሩን እንደምትዞር ሰማሁ። የሆነውን ከእኔ ስሚው።

ልጇ ፋውስቶ ካደረገኝ ግማሹን ብቻ ነው የምታውቂው። «አገባሽና የአሜሪካ መኖሪያ ወረቀት አወጣልሻለሁ» እያለ አራት ዓመት አብሮኝ ሲኖር ሁለት ጥርሴን በቡጢ አራግፏል፤ የፀጉር መተኮሻዬን አግሎ ጀርባዬ ላይ አሳርፏል። ጥዬው ወጥቼ ኤፍራይንን ሳገባ «ቀለበትሽን ከነጣትሽ እወስደዋለሁ» ብሎ ላከብኝ። ኤፍራይን የዳቦ መኪና ነጂ ነው፤ ፖርቶ ሪካዊ ስለሆነ የአሜሪካ ዜግነቱ ከእናቱ ማህፀን አብሮት የወጣ ነው። የምንዋደደውም ለወረቀት አልነበረም።

ለግሪን ካርዱ ቃለ መጠይቅ በተቀጠርንበት ጠዋት እኔ የሠርጋችንን ፎቶዎች አቅፌ፣ እሱ ከረባቱን አስሮ ከቤት ስንወጣ ፋውስቶ የቤዝቦል ዱላ ይዞ መኪናችን ጎን ቆሟል። መጀመሪያ የፊት መስታወቱን አረገፈው። «በእግራችሁ ሂዱና ተጠየቁ» አለ። ኤፍራይን እኔን ወደ ኋላ ገፍቶ ሲቀድመኝ ዱላው ቀኝ ክንዱ ላይ አረፈ። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛው ለጭንቅላቱ ተሰንዝሮ ነበር፤ እኔ ግን ፋውስቶ እጅ ላይ ተንጠልጥዬ ደም አፌን እስኪሞላው ነከስኩት። ዱላውን ጣለ። አነሳሁና ጉልበቱን አልኩት፤ ወደቀ። ከወደቀም በኋላ መታሁት። ደግሜም መታሁት። የመንገዱ በረዶ በደም ቀላ። ኤፍራይን በደህና እጁ ወገቤን ጠምጥሞ «በቃ፣ ነፍሴ። ይሙትብሽና እስር ቤት ዳቦ ላመላልስልሽ?» አለኝ።

ጎረቤታችን ሊጂያ ከሰገነቷ ሆና ሁሉን አይታ ፖሊስ ጠርታ ነበር። «እናንተ ሂዱ፤ ያየሁትን እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችን። ቀጠሮው ካመለጠን እንደገና ስንት ዘመን እንደምንጠብቅ እናውቃለንና በታክሲ ሄድን። ኤፍራይን ክንዱን በከረባቱ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ደረጃ አዳልጦኝ ነው እላለሁ። ሰው መምታትሽን ካወቁ አይሰጡሽም» አለኝ። እኔም እሺ አልኩት።

ጠያቂያችን ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ናት። «እውነቱን ብቻ ልትናገሩ ቀኝ እጃችሁን አንሱና ማሉ» አለች። ኤፍራይን ግራውን አነሳ።

«ቀኝህ ምን ሆነ?»

«ደረጃ አዳልጦኝ ነው» አለ፤ ላቡ በፊቱ ይወርዳል።

ወደ እኔ ዞራ ሹራቤ አንገትጌ ላይ የደረቀውን ደም አየች። «አንቺስ?»

እታለም፣ ለፋውስቶ ብዬ ለየሐኪሙ ስዋሽ የኖርኩት ይህችኑ «ደረጃ አዳለጠኝ» የምትል ቃል ነበር። ዛሬም ልዋሽለት? አቃተኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

«ባልሽ ባይዝሽ ኖሮ ታቆሚ ነበር?» አለችኝ።

«አላቆምም ነበር» አልኳት። ኤፍራይን ዓይኑን ጨፈነ።

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ለምን እንደዋሸ ጠየቀችው። «እሷን እንዳትወስዱብኝ ፈርቼ» አለ፤ ቃሉንም አስተካከለ። ከዚያ የተለመደውን ጠየቀችን፤ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ፣ ማን እንደሚያበስል። ሲያበቃ «አሁን ሐኪም ጋ ውሰጂው» አለችና ፋይላችንን ዘጋች።

ፖሊሶችም መረመሩኝ፤ ሊጂያ ስለመሰከረች አልከሰሱኝም። ፋውስቶ ታስሯል። ካርዱ ባለፈው ሳምንት በፖስታ መጣ። ኤፍራይን ክንዱ በጄሶ እንደታሰረ ኩሽና ውስጥ ሲጨፍር እኔ እጄን አየዋለሁ። ፋውስቶ ሲመታኝ በኖረበት ዘመን ወደ እኔ የሚደርሰው ዱላው ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የሚመታው ክንዱም ወደ እኔ ተላልፎ ኖሯል። ይህ ያስፈራኛል።

የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ፋውስቶ ፍርዱን ሲጨርስ ወደ አገሩ፣ ባኒ እናቱ ቤት እንደሚመልሱት ነግረውኛል። ከአጥራችሁ ማዶ ሊኖር ነው። እማማ ቴልማ እናት ናትና ብትረግመኝም ዝም በያት። እሱ ግን የሚያነክስ እግሩን እያሳየ፣ በጣፋጭ አፉ ደጃችሁን ያንኳኳል። እኔንም የያዘኝ በዚያው አፉ ነው። አትክፈቺለት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የተደበደብኩትን አትንገሪያት። ኔልሰንን አጥሩን ከፍ አድርግ በይልኝ። ኤፍራይን በግራ እጁ ሰላም ይላችኋል። ዩዴልካ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት አይደል? ግንባሯን ሳሚልኝና ይህን ደብዳቤ ራሷ ታንብበው።

እህትሽ ዮካስታ
ሎውረንስ፣ ማሳቹሴትስ
መጋቢት 19 ቀን