የሰፈራችን ኮምፒውተር ማኅበር መሥራች የእማማ ሶኬት ዜና ዕረፍት

የሰፈር ኮምፒውተር ማኅበራችን መሥራችና የቴክኒክ ኃላፊ፣ ሁላችንም «እማማ ሶኬት» እያልን የምንጠራቸው የሬዲዮ ጠጋኟ እናታችን፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። የማኅበሩ አባላትና ሠራተኞች ሐዘናችን እጅግ መራራ ነው።

ቅጽል ስሙ የወጣላቸው የሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ዓይናቸው ሶኬት ስለሚፈልግ ነበር። ቁም ሳጥን አስነሥተው፣ አቧራ ጠርገው፣ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ይሰኩና «በሉ፣ ይቺ ከዛሬ ጀምሮ የሰፈሩ ናት፤ እንዳትነቅሏት!» ብለው ይሄዳሉ። የጤና ጣቢያው ወረፋ፣ የልጆች ትምህርትና የጎረቤት መልእክት ወደ ሩቅ ኩባንያ ሳይሄድ እዚሁ በየቤታችን ባሉ መሣሪያዎች የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። አሠራሩንም ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ክፍት አድርገውታል።

በማኅበሩ የመጀመሪያ ዓመት አገልግሎቱ በሙሉ የተመሠረተው በእሳቸው መኝታ ቤት በነበረው መሣሪያ ላይ ብቻ ነበር። ሆስፒታል በገቡ ጊዜ መሣሪያው ቆመ። ወረፋው ተዘበራርቆ ነፍሰ ጡሮች ሳይታዩ ተመለሱ። እማማ ሶኬት ከአልጋ እንደተነሡ ጠቅላላ ጉባኤ አስጠርተው አባላቱን ይቅርታ ጠየቁ።

በሁለተኛው ዓመት፣ የአንዱ ቤት መሣሪያ ሲጠፋ የሌላው ቤት እንዲረከበው አድርገው ሥራውን ለየቤቱ አከፋፈሉት። «እኔ ብሞት ሰፈሩ ምን ይውጠዋል?» የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣቸው እንደነበር ባለቤታቸው፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ ነግረውናል።

ከዚያ ወዲህ ዳቦ ጋጋሪውንም ፀጉር አስተካካዩንም ጥገና አስተምረዋል። ስንሳሳት ይቆጡን ነበር፤ ሲሳካልን ግን ዝም ብለው ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዱ ነበር። ያ ዝምታ ምስጋናቸው መሆኑን የተረዳነው ቆይተን ነው።

ትናንት እማማ ሶኬት እንዳረፉ፣ ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው መኝታ ቤት ያለው የመሣሪያው ድምፅ እናቷን እንዳይረብሽ ብላ ገመዱን ነቀለችው። ስንሰማ ደንግጠን ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥን። ነርሷ ወረፋው እንደወትሮው እየሠራ መሆኑን አሳየችን። በየትኛውም ቤት የተቋረጠ ነገር አልነበረም። እማማ ሶኬት ዕድሜ ልካቸውን የለፉበትን ይህን ሳያዩ መሄዳቸው ያንገበግበናል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ብርታቱን ይስጠን።

ልጃቸው ገመዱን ስለ መንቀሏ እያለቀሰች ይቅርታ ጠይቃናለች። እህታችን፣ ምንም አላጠፋሽም። እናትሽ ያን ሁሉ የደከሙት ያ ገመድ ሲነቀል ማንም እንዳይጎዳ ነው። መልሰሽ አትሰኪው፤ እሳቸውም መሣሪያቸውም ይረፉ።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ