የክረምት ደሴት ባለቤት ለባሕር ደሴት ኃላፊ

ቀን፦ ሐምሌ 12

ለክቡር የመርከብ ድርጅቱ የግል ደሴት ኃላፊ
ባሉበት ባሕር

ጉዳዩ፦ ከሩቅ ሆኜ ስለቀሰምኩት ትምህርት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም መርከቦችዎም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝና ጎረቤቴን ባየሁ ቁጥር ከሚይዘኝ እፍረት በስተቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አድራሻዎን ስለማላውቅ ይህን ደብዳቤ በሱቄ መዝጊያ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ስላነበበው እርስዎ ዘንድ ለመድረስ የቀረው ጥቂት ነው።

ስሜ ሰላሁዲን ይባላል። በእንጅባራ፣ እኛ ዛሬም ቆሰበር በምንላት ከተማ፣ ጨርቃ ጨርቅና የሠርግ ሪባን እሸጣለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ከባሕር ጋር የሚያገናኘኝ ነገር ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው ጋራውን ሁሉ የሞላው ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው በመርከብዎ ላይ የእንግዶችን አልጋ የምታነጥፈው ልጄ ዋሂዳ ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ደውላ «ክሩዝ ላይ ሥራ አገኘሁ» ባለችን ጊዜ፣ እኔ ክሩዘር የሚባለውን መኪና መስሎኝ ልጄ የትልቅ ሰው መኪና ውስጥ ገባች ብዬ ለከተማው ሁሉ አወራሁ። ውስጡ ሦስት ሺህ ሰው ያድራል ስትለን ባለቤቴ ዘይነባ ኔትወርኩ ነው አለች። መዋኛም አለው ስትለን ግን እኔም የሹፌሩን ስም መጠየቄን ተውኩ።

ጥፋቴ የጀመረው ድርጅትዎ የራሱ የግል ደሴት እንዳለው በነገረችኝ ቀን ነው፤ ምክንያቱም እኔም ደሴት አለችኝ። በአዘና መንገድ፣ ከአባቴ በወረስኩት የሣር ይዞታ ላይ አንድ ረግረግ አለ። ክረምት ሲገባ ውሃው ይሞላና በመሐሉ ያለችው ጉብታ፣ አንድ ዋንዛና ቁጥሩ የማይታወቅ እንቁራሪት ይዛ፣ ደሴት ትሆናለች። ከኅዳር በኋላ ውሃው ስለሚሸሽ ላም በእግሯ ትገባባታለች። ስለዚህ ከእርስዎ ጋር እኩል ነኝ አልልም፤ የግማሽ ዓመት ባልደረባዎ ነኝ።

በጉብታዋ ግርጌ የማይደርቅ ምንጭ ስላለ ዙሪያዋን የሚበቅለው ቄጠማ የአካባቢው ሰው ሁሉ ነበር። የክርስቲያኑ በዓል ሲደርስ ክርስቲያኑ፣ ዒድ ሲደርስ እኛ፣ ሠርግ ያለበት ደግሞ በማንኛውም ቀን ማጭዱን ይዞ ይሄዳል እንጂ ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። ድንበርተኛዬ ሀብቱ፣ ሲቀልድ በአገውኛ ሲቆጣ በአማርኛ የሚያናግረኝ ገበሬ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየዒዱ ማለዳ አንድ እቅፍ ቄጠማ ደጄ ላይ ጥሎ ይሄዳል። እሱ ሲደግስ ደግሞ ለእኛ ለሙስሊሞቹ እንግዶቹ አንድ በግ ለብቻ ያስርና፣ እኔ ሄጄ በእጄ እስካርደው ድረስ ይጠብቀኛል፤ ድስቱም ለብቻው ነው። ይህን የምነግርዎ ለብቻ የሚቀመጥ ነገር እኛም እንደነበረን እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው።

እንግዲህ ከእርስዎ የተማርኩትን በተራ ቁጥር እዘረዝራለሁ።

፩ኛ. በመጀመሪያው ዓመት ዋሂዳ የላከችልን ቪዲዮ ላይ ደሴትዎ ባዶ ነበረች። አሸዋ፣ ዘንባባ፣ በሁለት ዛፍ መካከል የተንጠለጠለ የገመድ አልጋ፣ የሚጠበስ ሥጋ፣ ሰውን ከመርከቡ የሚያመላልሱ ትናንሽ ጀልባዎችና የዛጎል ሐብል የሚሸጡ የመንደሩ ሴቶች ነበሩ። «አባዬ፣ ምንም የለም እኮ፤ ደስ ሲል!» ትል ነበር። እኔም ምንም የሌለበት ነገር መሥራት አያቅተኝም ብዬ ከዋንዛው ሥር ጥቂት ግንድ አጋደምኩ፤ ሀብቱም ከአንድ ግንድ ታንኳ ፈልፍሎ ሊዝናና የሚመጣውን ሰው ማሻገር ጀመረ። ካፒቴን ብዬ ሾምኩት። ያ ክረምት ጥሩ ክረምት ነበር፤ እዚያ ላይ ብንቆም ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ።

፪ኛ. ከዚያ እርስዎ መርከቡ ራሱ መጥቶ የሚቆምበትን ረጅም ድልድይ ሠሩ፤ ትናንሾቹ ጀልባዎችም ከቪዲዮው ጠፉ። እኔም ከፋግታ በመጣ፣ ለከሰል ከሚተከለው ከዲከረንስ ዛፍ በተቆረጠ እንጨት ድልድይ ሠራሁ። የሀብቱን ሥራ ወሰድኩበት፤ ማዕረጉን ግን አልነካሁም፤ ይህን እንደ ደግነት ቆጥሬው ነበር።

፫ኛ. ከዚያ ለእንግዶችዎ በየእጃቸው ላይ ባለቀለም አምባር አሰሩላቸው። አንዱ ቀለም ውሃው አጠገብ ያስቀምጣል፣ አንዱ ጥላው ሥር፣ አንዱ ደግሞ ጀርባው ፀሐይ እየመታው ከኋላ። እኔ መቼም ሪባን ነጋዴ ነኝ፤ ይህን ትምህርት አላህ ለእኔ ብሎ የላከው መሰለኝ። ወርቃማ ያሰረ ዋንዛው ሥር፣ ቀይ ያሰረ ግንዱ ላይ፣ አረንጓዴ ያሰረ እንቁራሪቶቹ አጠገብ እንዲቀመጥ አዘዝኩ። ሪባን ያላሰረ አይገባም።

፬ኛ. ከዚያ እርስዎ በባሕር የተከበበች ደሴት ላይ መዋኛ ገንዳ ቆፈሩ። ይህ ጥበብ እስከ ዛሬ ስላልገባኝ ሳይገባኝ ቀዳሁት። ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ሰማያዊ ሸራ አንጥፌ፣ ከራሱ ከረግረጉ በጀሪካን እየቀዳሁ ሞላሁት። ዘይነባ ቆማ ስታየኝ ቆይታ «ውሃውን ከውሃ አውጥተህ ውሃ አጠገብ አፈሰስከው» ብላ ሄደች። ከእንቁራሪቶቹ በቀር ደንበኛ አላገኘም፤ እነሱም ሪባን አላሰሩም።

፭ኛ. የመጨረሻውና የባሰው ይህ ነው። አምና በመጣው ቪዲዮ እውነተኞቹ ዘንባባዎች ተነቅለው የማይረግፍ የፕላስቲክ ዘንባባ ተተክሎ አየሁ። ሐብል ሻጮቹ ሴቶች ደግሞ ከአጥር ወዲያ ቆመዋል። እኔም ቄጠማውን ነቀልኩ። ካፌዎቹ በር ላይ የሚነጠፈውን የፕላስቲክ ሣር አምጥቼ በምስማር መታሁት፤ ምንጩ አጠገብ ብቻ ለዓይን ያምራል ብዬ ጥቂት ቄጠማ አስቀረሁ። ዙሪያውን አጠርኩ፣ በር ሠራሁ፣ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ይኸነው የሚባል ሀገሬውን የማያውቅ ታማኝ ዘበኛ ቀጠርኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ያለው ያስቃል፤ እኔንም ያስቀኛል። የሚከተለውን ግን በራሴ ላይ እየሳቅኩ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ባለፈው ጥር ሀብቱ ልጁን ስንታየሁን ሊድር ነበር። ለዳሱ የሚነጠፍ ቄጠማ ፈልጎ፣ ማጭዱን ይዞ፣ ሠላሳ ዓመት እንደሄደው ሁሉ ወደ ጉብታዋ ሄደ። ልብ ይበሉልኝ፤ ወሩ ጥር ነው፤ ውሃው ደርቆ ደሴቴ ተራ ጉብታ ሆናለች። በሩ ግን በር ነው። ይኸነው እኔ እንዳስተማርኩት በትሕትና «ቀለምዎ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሀብቱ እድሜ ልኩን እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ ስለማያውቅ ትንሽ አስቦ «ጠይም ነኝ» አለ። ይኸነውም ዝርዝሩን ተመልክቶ ጠይም የሚባል ቀለም የለንም ብሎ መለሰው።

ማታ ይኸነው የቀኑን ሥራ ሲነግረኝ፣ ማጭድ የያዘ አንድ ሽማግሌ ቀለሙን ሲጠየቅ ጠይም ነኝ ማለቱን አወራኝ። እኔም ሳቅኩ። እንባዬ እስኪፈስ ድረስ ሳቅኩ። ሰውየው ማን እንደሆነ የጠየቅኩት ስቄ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ያንን ሳቅ ከሆዴ የሚያወጣልኝ መድኃኒት እስካሁን አላገኘሁም።

ወደ ሠርጉ ላለመሄድ ምክንያት ስፈልግ ሰነበትኩ፤ ዘይነባ ግን ልብሴን አውጥታ አልጋ ላይ አስቀመጠችውና ሄድኩ። ዳሱ ቄጠማ አልነበረውም። ከዳር እስከ ዳር የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጎዝጉዞበታል። ባሕር አይቼ አላውቅም ብዬዎት ነበር፤ ያን ቀን በእግሬ ረገጥኩት። ሀብቱ በሩ ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። እኔን ሲያይ እጄን ያዘና፣ ከየት እንዳገኘው የማላውቀውን አንድ ዘለላ ቄጠማ ከኪሱ አውጥቶ አንጓዬ ላይ አሰረልኝ። «የአንተ ቀለም አረንጓዴ ነው፤ ግባ» አለኝ፤ ያውም በአማርኛ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ጥርሱን እንደታመመ ሰው ሳቅኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አንድ ለአንድ ብዬ ቤቴ እገባ ነበር። እሱ ግን እጄን ሳይለቅ ወደ ዳሱ ጀርባ ወሰደኝ። በጉ እንደታሰረ ቆሟል። ቢላው ታጥቧል፣ ውሃው ተቀድቷል፣ ድስቱ ለብቻው ተጥዷል። ከበሬ የመለስኩት ሰው፣ ልጁን በሚድርበት ቀን፣ የእኔን በግ ማንም እንዳይነካ አዝዞ ሲጠብቀኝ አርፍዷል። «ረፈደ እኮ፣ ቶሎ በል» አለኝ፤ ይህን በአገውኛ ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ቢላውን አነሳሁ።

በማግስቱ በሩን ነቀልኩ፣ በሳምንቱ አጥሩን፣ ከፋሲካ በኋላ ድልድዩን። ቄጠማን ግን አንድ ጊዜ ከነቀሉት በይቅርታ ብቻ እንደማይበቅል ተረዳሁ። የዘንድሮው ዒድ ማለዳ ደጄን ከፍቼ ቆምኩ፤ ምንጩ አጠገብ የቀረችውንም አጥሩ ሲነሳ ላም ስለበላቻት፣ ሀብቱ የሚጥለው ቄጠማ አጥቶ ባዶ እጁን መጥቶ ሰላም ብሎኝ ሄደ። ዝናብ ሲጥል ግን ከራሱ ማሳ ዳርቻ የቄጠማ ሥር ቆፍሮ አመጣና፣ የፕላስቲኩን ሣር እያነሳን አብረን ተከልነው። ይያዝ አይያዝ አልታወቀም። በየጠዋቱ እየሄድኩ አያለሁ፤ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ካልያዘ ሀብቱ ቤት በባዶ መሬት ነው የሚከበረው፤ ያንን የማይበት ፊት የለኝም።

እናም ክቡር ሆይ፣ ለአንድ ጥያቄ መልስ እንዲሰጡኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። መጨመሩን በሚገባ አስተምረውኛል፤ እንዴት እንደሚቀነስ የሚያሳይ ቪዲዮ ግን አልደረሰኝም። ከአጥር ወዲያ የቀሩት ሐብል ሻጮች እነሱስ ድግስ ቢኖራቸው ይጠሩዎታል? በግዎን ለብቻ አስረው ይጠብቁዎታል? እኔ በእድሌ ሀብቱን አግኝቻለሁ፤ እርስዎ ማን እንዳለዎት ስለማላውቅ አዘንኩልዎ።

በእርስዎ ጥላ ሥር ሆኖ፣ ከእርስዎ በብዙ ሺህ ክንድ ርቆ፣ የራሱን ጎረቤት ከራሱ በር ያስመለሰው፣

ሰላሁዲን
የሪባን ነጋዴ፣ የቀድሞ ደሴት አስተዳዳሪ
ቆሰበር

ግልባጭ፦
- ለካፒቴን ሀብቱ፣ ወደ ሥራው ስለተመለሰ፤
- ለይኸነው፣ አሁን ቡቃያውን ከላም ስለሚጠብቅ፤ ላሞቹን ቀለማቸውን እንዳይጠይቅ ተነግሮታል።

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ልጄ ዋሂዳ ባለፈው ወር ለእረፍት መጥታለች። በሀብቱ ታንኳ አሻግሬ ወደ ጉብታዋ ልወስዳት ስል፣ በሩ የነበረበት ቦታ፣ የምሰሶዎቹ ጉድጓድ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ምነው ስላት ልማድ ሆኖባት ነው አለችኝ። ለካ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ደሴትዎ ላይ ተቀምጣ አታውቅም፤ የሠራተኛ ቀለም የለም። የላከችልን ቪዲዮ ሁሉ ከማብሰያው ጀርባ፣ በአጥር ቀዳዳ የተቀረጸ ነው። እኔ ከእርስዎ ዕቃ ሁሉ አሳምሬ የሠራሁት አጥሩን የሆነው፣ ከሁሉ አቅርቤ ሳየው የኖርኩት እሱን ስለሆነ እንደነበር ያኔ ገባኝ። አሁን ይህን ስጽፍ ጫማዋን አውልቃ ዋንዛው ሥር ተቀምጣለች፤ ሀብቱም ከአዲሱ ቡቃያ አንዷን ቀንጥሶ አንጓዋ ላይ አስሮላታል። በተባለው ቀን ወደ መርከብዎ ባትመለስ አይፈልጓት፤ ቀለም አግኝታለች።