ሁለት ፊደልና ዘጠኝ ቀባሪ

ይድረስ ለተከበሩ ኢንጂነር ናኦድ፣ የኦቴሎ ሰፈርና አካባቢው «ኅብር» እድር የቴክኖሎጂ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ሲያትል

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ፍጹም ጤና፣ ለወንበርዎም የማይናወጥ ጽናት እመኛለሁ። እኔ ፈትሂያ ኑርሑሴን እባላለሁ፤ የእድሩ አባል ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ኬንት ከተማ በሚገኝ አንድ መጋዘን ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ይህ ሙያ ተብሎ ሊጠራ እንደማይገባው በጉባኤ ፊት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። በግል የላክኋቸው ሦስት መልእክቶች መልስ ስላጡ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው ወር «የአባላት ዝርዝር» የሚል ፋይል ከማናውቀው አድራሻ በኢሜይል ሲመጣ፣ ጸሐፊያችን እንድመረምረው ልካልኝ ነበር። እኔም ሳላስነሳው ጥሬ ይዘቱን ብቻ በሚያሳይ ፕሮግራም ተመለከትኩት። የፒዲኤፍ ሰነድ ገና ሲጀምር የመቶኛ ምልክትና ፒዲኤፍ የሚሉትን ፊደሎች አስቀድሞ ራሱን ያስተዋውቃል። ይህኛው የጀመረው ግን ኤምና ዜድ በሚሉ ሁለት ፊደሎች ነበር፤ እነዚህም የዊንዶውስ ፕሮግራም መለያ ናቸው። የመጣልን ነገር የሚነበብ ወረቀት ሳይሆን፣ ሲነኩት ሥራ የሚጀምር ፕሮግራም ነበር። ስሙንና አይኮን የሚባለውን ሥዕሉን ማንም እንዳሻው ይቀይራል፤ እነዚያን ፊደሎች ከቀየረ ግን ፕሮግራሙ ራሱ አይነሳለትም። ይህንኑ በእድሩ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ።

እርስዎም ፈገግ ብለው «እህቴ፣ ኦኬ፣ አይኮኑ ቀይ ነው፤ ሶ ፒዲኤፍ ነው» አሉኝ፤ አዳራሹም ሳቀ። ጡረተኛው የታክሲ ሹፌር አቶ ጌዴዎን ብቻ ከኋላ ወንበር ተነሥተው «ይቺ ልጅ የምትለውን ብንሰማት ምን ይጎዳናል?» አሉ። ክቡርነትዎ ፋይሉን ሁላችን እያየን በእድሩ ኮምፒውተር ላይ ክሊክ አደረጉት። ምንም ሳይከፈት ሲቀር «አየሽ? ባዶ ነው» አሉኝ። በማግሥቱ የእድሩ ፋይል ሁሉ በዚያው ፕሮግራም ተቆልፎ ተገኘ፤ መጠባበቂያው ዲስክም ከዚያው ኮምፒውተር ጋር እንደተሰካ ነበርና አብሮ ተቆለፈ።

ሁለተኛ፤ ሰው ሲሞት ለአባላት አንድ በአንድ እየደወሉ የሚያረዱት፣ ለዓመታት፣ እኚሁ አቶ ጌዴዎን ነበሩ። የስልክ ደብተራቸውን ክቡርነትዎ «ዘመኑ አልፎበታል» ብለው ተቀብለው ወደ ኮምፒውተር ካስገቡ በኋላ ስላስወገዱት፣ የቫይበር ግሩፓችንንም «ሐሜት በዛበት» ብለው ስለዘጉት፣ ስለ ሥልጣኔዎ ምን ብዬ ላመስግን?

ስብሰባው ባለፈ በስድስተኛው ቀን አቶ ጌዴዎን በድንገት አረፉ። ልጃቸው አፀደ ከማውንትሌክ ቴራስ መጥታ ለእድሩ አስታወቀች፤ እድሩ ግን ስልክ ቁጥሩ ሁሉ ተቆልፎ ስለቀረ ለማን እንደሚደውል አላወቀም። እኔ በስልኬ ያሉትን ሰባት ሰዎች ጠራሁ። በቀብሩ ዕለት ዝናቡ ያካፋል፤ ዘጠኝ ሰዎች ቆመናል። ሣጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች ሁለቱ የቀብር ድርጅቱ ሠራተኞች ነበሩ፤ የሟቹን ስም እንኳ አያውቁም። አፀደ መንገድ መንገዱን ስታይ ቆይታ ወደ እኔ ዞረችና «ፈትሂያዬ፣ አባቴ ሰው አስቀይሞ ነበር እንዴ?» አለችኝ። እኔም «ኧረ በአላህ! ማንም አልሰማም እኮ» አልኳት። አንገቷን በእሺታ ነቀነቀች፤ እንዳላመነችኝ ግን አየሁ።

ሦስተኛ፤ ኮሚቴዎ ያወጣው መግለጫ ጉዳቱን ያደረሰው «ማንም ሊገምተው ያልቻለ ረቂቅ ጥቃት» ነው ይላል። በቃለ ጉባኤውም «በዕለቱ የተነሣ ሥጋት አልነበረም» ተብሎ ተጽፏል። የእኔ ቃል መሰረዙ ብዙ አያስቆጨኝም። የእኚያ ሽማግሌ ቃል ግን በጉባኤ ፊት የተናገሩት የመጨረሻቸው ነበር፤ እሱንም ፋቁት።

ስለዚህ ጊዜዎን ሳላባክን ሁለት ነገር እለምናለሁ፦ ቃለ ጉባኤው ይታረም፤ ክቡርነትዎም በእግርዎ ሄደው ለአፀደ እውነቱን ይንገሯት። ሦስት መቶ የእድሩ አባል ያልመጣው አባቷን ጠልቶ ሳይሆን እርስዎ ስላላስጠሩት መሆኑን ከእርስዎ አፍ ትስማ።

ለእውቀትዎ ጥልቀት ልክ፣ ለትሕትናዎም ወሰን ማግኘት ተስኖኝ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሣሁ የምሰናበት፣
ኮምፒውተር ጠጋኟ ፈትሂያ ኑርሑሴን

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ፕሮግራምን ከሰነድ መለየት ማስተማር ጀምሬያለሁ። ሰባ አራት ዓመት የሆናቸው ወይዘሮ ልዕልት ባለፈው ሳምንት ከአሥር ፋይል አሥሩንም ለዩ፤ የፈጀባቸው ሃያ ደቂቃ ነው። ክቡርነትዎም ቢመጡ ደስ ይለናል። ብቻ ከወይዘሮ ልዕልት ጋር አንድ ክፍል ላስገባዎት አልችልም፤ እሳቸው ወደ ሁለተኛው ደረጃ አልፈዋል።