ቀይ የነካው ነጠላ

ሩሐማ፣
ከሮተርዳም ስትገቢ ድስቱ ውስጥ ሽሮ አለልሽ፤ አሙቀሽ ብዪ።

ባለኮከቡን ባንዲራሽን ከሳሎን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ከትናንት ወዲያ የጽዋ ማኅበሩ ሰዎች ሲመጡ «ከዚህች ጋር ነው የምትኖሪው?» ይሉኛል ብዬ ፈርቼ የቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ውስጥ ደበቅኩት። የኔን ልሙጡን ግን እንደተሰቀለ ተውኩት።

ትናንት ረስቼው ከነጠላዬ ጋር ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ቀዩ ለቅቆ ነጠላዬን ጉድ አደረገው። የእጄን አገኘሁ።

አንቺም የኔን ባንዲራ «ጨርቅ» ብለሽዋል፤ አልረሳሁም። ስለ ኮከቡም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ባንዲራሽን ተኩሼ ቦታው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሌላ ነጠላ ስለሌለኝ ያንኑ ለብሼ ቅዳሴ ሄጃለሁ። ማኅበርተኞቹ «ምን ነክቶት ነው የቀላው?» ሲሉኝ፣ «የሩሐማ ባንዲራ» እላቸዋለሁ።

ውድነሽ