ቡጢ አይደለም፣ ዜሮ ነው

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ ቅዝቃዜውን እንዴት ቻለው? መጋዘኑን ሲጠብቁ የሚያድሩበት ክፍል በሩ ተሠራልዎ ወይስ አሁንም በጆንያ ነው የሚጋረደው? እናቴስ ሳሏ ተሻላት? ታናሽ ወንድሜ ጥርሶስ፣ የወለቁት ጥርሶቹ በቀሉለት ወይስ እንደዚያው ብለን ልንጠራው ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ጤነኛ ነኝ፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። አጎቴና ሚስቱም ደህና ናቸው። አጎቴ ወገቡን ያመዋል፤ ድምፁ ግን እንኳን ለእኛ ለሰፈሩም ይተርፋል።

መልእክትዎ ደርሶኛል። «አጎትሽ ላይ ቡጢ አነሣሽ አሉ፤ እግሩ ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂ» ያሉትን የአጎቴ ሚስት ቃል በቃል ነገረችኝ። በስልክ እንዳልመልስልዎ ስልኩ ያለው አጎቴ ኪስ ውስጥ ነው። ደግሞም በስልክ ሳወራ ቃሌ ጉሮሮዬ ላይ እንደሚቀር ያውቃሉ። በጽሑፍ ግን አልፈራም። ስለዚህ ነገሩን እንደሆነው ልንገርዎና ከዚያ ይፍረዱ።

እዚህ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሥራ ሲያልቅ፣ ፊልም እናያለን። ሳሎኑ ያው የአጎቴ የሶፋ መጠገኛ ነው። የራሳችን ሶፋ ስለሌለን የምንቀመጠው ታድሶ ባለቤቱን በሚጠብቀው ላይ ነው፤ አንድ ቅዳሜ እንደ ባለሥልጣን ቆዳ ሶፋ ላይ ተንጠራርተን፣ በሌላው ደግሞ አንዲት ጠባብ ወንበር ላይ ተጣብበን። አንዴማ ባለቤቱ ፊልሙ መሃል መጥቶ ሶፋውን ከተቀመጥንበት ስለወሰደው ቆመን ጨረስነው። ፊልሙን የሚሰጠን ጎረቤታችን ሞባይል ጠጋኙ ነው፤ ፍላሹ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሳይመርጥ ይጭናል። ስለዚህ ያላየነው ዓይነት የለም። ጦርነት፣ ፍቅር፣ መንፈስ ያደረበት ቤት፣ የሕፃናት ካርቱን፣ ድምፅ የሌለው የድሮ ጥቁርና ነጭ አይተናል። ስለ ጉንዳኖች ኑሮ ብቻ የሚናገርም ነበር፤ እሱን ከእኔ በቀር የወደደው የለም።

ፊልሙ ሲያልቅ ነጥብ የምንሰጠው በጣት ነው። አጎቴ «እጅ!» ሲል ሁሉም ያነሣል። አምስት ጣት ግሩም ማለት ነው፤ አንድ ጣት ጊዜያችን ተቃጠለ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም ምክንያቱን ይናገራል። ለአጎቴ ፊልም ሁሉ ሶፋ ነው፤ «ጨርቁ ያምራል፣ ውስጡ ግን ጭድ!» ይላል። ፍሬቻ የምንለው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌርም አብሮን ያያል። ስሙ የወጣለት ሊናገር ሲል ቀድሞ እጁን ወደ ጎን ስለሚዘረጋ ነው። እሱ መኪናውን ብቻ ነው የሚያየው፤ «በሁለተኛ ማርሽ እየነዳ የአምስተኛ ድምፅ አሰሙት፣ ውሸታሞች!» ብሎ ነጥብ ይቀንሳል። የአጎቴ ሚስት ላውንደሪ ስለምትሠራ «ጫካ ሰንብቶ ሸሚዙ የነጣ ሰው አላምንም» ትላለች። እኔ ግማሽ ትንፋሽ ያህል ዘግይቼ የአጎቴን ጣቶች አያለሁና ያንኑ ያህል አነሣለሁ። ምክንያት ስጠየቅ «እንደ አጎቴ» ነው መልሴ። ማሚቶ የሚሉኝም ለዚህ ነው፤ እንደ ገደል ማሚቶ የሰው ቃል ስለምመልስ።

ባለፈው ሰሞን ያየነው ፊልም ስለ አንዲት ዓይን አፋር ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ይስቁባታል። አክስቷ አስወጥታ መጋረጃ ስፌት ላይ ታስቀምጣታለች። ልጅቷ ትሰፋለች፣ ትሰፋለች፣ አሁንም ትሰፋለች። በመጨረሻ አንድ ሀብታም መጋረጃ ሊያሰፋ መጥቶ «ዝምታሽን ወደድኩት» ይላታል፤ ፈገግ ትላለች፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ አለቀ። ፍሬቻ እንባውን ጠረገ፤ መኪና የሌለበት ፊልም ሲያስለቅሰው አይቼ አላውቅም። አጎቴ ግን ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ ማሚቶ? አፍ ለሌለው ሰው ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል? ዋናው እጅ ነው! እኔም አስቤበታለሁ፤ ከመስከረም ጀምሮ እዚሁ ከእኔ ጋር ትሰፊያለሽ። ለአባትሽ እነግረዋለሁ» አለ። ይህን አለና «እጅ!» አለ።

ሁሉም አምስት አነሡ። የእኔም እጅ ተነሣ፤ ጣቶቼ ግን አልተዘረጉም። አባባ፣ ዜሮ መስጠቴ ነበር። ዜሮ በጣት ሲሰጥ እንዲህ ነው፣ ሌላ መልክ የለውም። ዜሮ የሰጠ ሰው ግን እዚህ ቤት ታይቶ ስለማይታወቅ ማንም አልገባውም። ፍሬቻ እጁን እንኳ ወደ ጎን ሳይዘረጋ «ኧረ ቡጢ አነሣችበት!» ብሎ ጮኸ። አጎቴ ወደ ኋላ ሸሸት አለና «እኔን ልትመቺ ነው? አብልቼ ባሳደግኩ?» አለ። እርስዎ ዘንድ የደረሰው ይኸው ነው፤ ወሬ መንገድ ላይ ይወፍራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አልነገረዎትም። እጄን ሳላወርድ ተናገርኩ። «ቡጢ አይደለም፣ ዜሮ ነው» አልኩ። ቃሌ ጉሮሮዬ ላይ አልቀረም። «ስለ ልጅቷ ሁሉም አወራ፤ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት ግን የለም። መጋረጃውን ትወደው እንደሆነ እንኳ አላወቅንም። ዓይን አፋር ሰው የሚፈልገው ነገር የለም ያለው ማነው?» አልኩ። አጎቴ «ፊልም እኮ ነው!» አለ። እኔም «ፊልም ከሆነ ታዲያ ለምን በእኔ ላይ ይሠራል?» አልኩት። የአጎቴ ሚስት ማንንም ሳታይ ከአምስት ጣቶቿ ሁለቱን አጠፈች። አጎቴ አየና «አንቺም?» ቢላት «እጄን ደክሞኝ ነው» አለችው።

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። ወገቡ ስለማያስጎነብሰው ረዳት ያስፈልገዋል፤ ያ እውነት ነው። እኔም ስፌቱን አልጠላውም፤ የትራስ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ሲወጣልኝ ደስ ይለኛል። ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ እንደምሠራለት ነግሬዋለሁ። ቡጢ መስሎት ከተቀየመም አለመሆኑን እስኪሰለቸው ድረስ አስረዳዋለሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። ይቅርታ ጠየቅሁ ማለት ዜሮውን ሰረዝኩ ማለት ነው፤ ዜሮውን ከሰረዝኩ ደግሞ ከትምህርት ለመቅረት ተስማማሁ ማለት ነው። ድፍረት እንደሚመስል አውቃለሁ። ታላቅ ወንድምዎ ስለሆነ ሲደውልልዎ «አንተ እንዳልክ» ማለት እንደሚቀናዎም አውቃለሁ። ለዚህ ነገር ግን እባክዎ አይበሉት። እሱን ከመስማትዎ በፊት እኔን ይስሙኝ።

ክፍል ውስጥ እጅ አላነሣም፤ አስተማሪዎቼ «አትሳተፍም» ያሉት ትክክል ነው። የሚባለውን ግን እሰማለሁ፣ የሰማሁትንም አልረሳም። ትናንት ብቻዬን ትምህርት ቤት ሄጄ ተመዝግቤያለሁ። መስኮቱ ላይ ተራዬ ሲደርስ መዝጋቢዋ ቀና ሳትል «ወላጅ የታለ?» አለችኝ። ወረፋው በሙሉ ይሰማ ነበር። «ወላጆቼ ሩቅ ናቸው፤ የምማረው ግን እኔ ነኝ፣ እኔም መጥቻለሁ» አልኳት። «ጮክ በይ እንጂ፣ አልሰማሁሽም» አለች። ጮክ አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ አልሞትኩም። ስሜን ጻፈችና «ትምህርት ሳይከፈት ወላጅ ደውሎ ፈቃዱን ይንገረን» አለች። የትምህርት ቤቱን ስልክ ቁጥር ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልዎታለሁ።

አጎቴ እሑድ ይደውልልዎታል። ትማር ይበሉት። ካላሉትም ትምህርት በተከፈተ ጠዋት ደብተሬን ይዤ የትምህርት ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። ዘበኛው ቢመልሰኝ ይመልሰኝ፤ በገዛ እግሬ ግን አልመለስም።

እናቴን አንገቷን አቅፈው ይሳሙልኝ፤ ይህን ሲያነቡላት ብታለቅስም እስከ መጨረሻው ያንብቡላት። ጥርሶን ጉንጩን ይቆንጥጡልኝና እህትህ ናት ይበሉት። አያቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ከእርስዎ ጋር ተራ የሚቀያየሩትን ዘበኛ ሰላም ይበሉልኝ። የአጎቴ ሚስት ሰላም ብላችኋለች። አጎቴም፣ ኩርፊያው እንዳለ ሆኖ፣ «ወገብህን ከብርድ ጠብቅ» ብሎዎታል።

የምትወድዎና የምታከብርዎ ልጅዎ

ከሶፋ መጠገኛው ቤት፣ ነሐሴ 26 ቀን