በስሜ የዞረችው ቫን

ሰኞ

አልሆነም። ሥራ ቀርቼ፣ ባሌን ታደሰን ደግፌ እስከ ስማይርና ድረስ ወስጄው፣ ለእሱ የጠየቅነው ድጎማ አይሆንም ተባልን። የመንግሥት ድጎማ ቢሮዋ ሴትዮ ክፉ አልነበረችም፤ ያናደደኝ እውነቷን መሆኑ ነው። ባልና ሚስት አብራችሁ እስከኖራችሁ ድረስ የሁለታችሁም ንብረት አንድ ላይ ነው የሚቆጠረው አለች። አንድ መኪና አይቆጠርም። ሁለተኛው በማንም ስም ይሁን ይቆጠራል፤ ንብረታችሁ ከልክ ካለፈ ድጎማ የለም። አንዷ እኔ ሥራ የምሄድባት ኮሮላ ናት። ሁለተኛዋ ቫኗ። ታደሰ ስትሮክ እስኪመታው ድረስ ከኤርፖርት ሰው ያመላልስባት ነበር፤ አሁን ፓርኪንግ ላይ ቆማ ቅጠል ይረግፍባታል።

"በሚስትህ ስም አዙራት፣ ከዚያ ምንም የለህም ማለት ነው" ብሎ የመከረው ግርማ ነው፣ የሥራ ጓደኛው። መጀመሪያ ቢሮውን እንጠይቅ ብዬ ነበር። ማን ሰምቶኝ!

ማክሰኞ

ንዴቱ አላስተኛኝም። ኪራይ፣ መድኃኒት፣ ምግብ፣ ሁሉም ኮሌጅ ፓርክ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፍኩ በማገኛት ደመወዝ ነው። የቆመችው ቫን ኢንሹራንስ ሳይቀር! ሽጣት ስለው "ይሻለኛል፣ እነዳታለሁ" ይላል። ሐኪሙ ከእንግዲህ አትነዳም ሲለው አብረን ነው የሰማነው።

ሐሙስ

ግርማ ሌላ ምክር ይዞ መጣ። "እታለም፣ ወረቀት ብቻ ነው። በወረቀት ትፋታላችሁ፣ አብራችሁ ትኖራላችሁ። ማንም ቼክ አያደርግም።"

ታደሰ ይቆጣዋል ብዬ ጠበቅኩ። "ለጊዜው ነው" አለኝ።

ለጊዜው! በቁርባን የተጋባን ሰዎች! ቫን ከመሸጥ ሚስት መፍታት ቀለለው። ውሸቱን ሄጄ የምፈርመው ደግሞ እኔ ነኝ። ግርማን ሻዩን ሳይጨርስ አስወጣሁት። ታደሰን ራት አቀረብኩለት እንጂ አላናገርኩትም።

ዓርብ

ሆቴል ኮሪደር ስጠርግ ድንገት መጣልኝ። ቫኗ የማን ናት? የእኔ! ራሱ ነው ያዞረልኝ። ብቻዬን ሳቅኩ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ፣ በዲቪ ሎተሪ ከአገር ቤት መጥቶ ብሩክሄቨን የሚኖር ዘመዷ ቫን እንደሚፈልግ ነግራኝ ነበር። ደወልኩለት። በዋጋዋ ነው የምሸጠው፤ በርካሽ ብሰጣትም ቢሮው ንብረት አሸሻችሁ ብሎ ይጠይቀኛል።

ቅዳሜ

ለታደሰ ነገርኩት። ጮኸ። "አምኜ ነው በስምሽ ያደረግኳት!"

እኔም ጮህኩ። "እኔስ አምኜ አይደል ያገባሁህ?"

 ገዢው ሲመጣ ታደሰ አልወርድም ብሎ ነበር፤ ከዚያ በከዘራው ቀስ እያለ ወረደ። የኋላ በሩ ሲዘጋ ትንሽ ከፍ መደረግ እንዳለበት በደህናው እጁ አሳየው። ዘይቷ መቼ እንደሚቀየር ነገረው። ቁልፉን ግን ለእኔ አቀበለኝ። "በስምሽ ናት፣ አንቺ ስጪው።"

ሰጠሁትና ገንዘቡን ተቀበልኩ። 

እሑድ

ገንዘቡም ባንክ ከተቀመጠ ይቆጠራል። ስለዚህ ውዝፍ ኪራዩን ከፈልኩ፣ የሆስፒታሉን ዕዳ ከፈልኩ፣ ደረሰኞቹን ያዝኩ። ነገ ቢሮ እንመለሳለን። ይፍቀዱ አይፍቀዱ እግዜር ይወቅ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ታደሰ የቫኗን ባዶ ቦታ ሲያይ ቆየና "እዚያ አቁሚ፣ ለበሩ ይቀርባል" አለኝ። አቆምኩ።

"ነገ ምን እንላቸዋለን?"

"ባልና ሚስት ነን፣ አንድ መኪና አለን" አልኩት።

ደግፌ አወረድኩት። ደረጃውን ከወጣን በኋላም ክንዴን አልለቀቀም። እኔ ግን ንዴቴ ገና አልበረደልኝም።