ለልምምዱ የመጣ እዝን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከሰዓት 10፡00
ሦስተኛው ትዕይንት፣ እንደገና። ዘመሮ፣ የቀበሌው አዳራሽ። ብርዱ ከውጭ ይልቅ ውስጥ ይብሳል። ትያትራችን፣ እኔ የጻፍኩትና የማዘጋጀው፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ መንገድ ላይ ስለቀሩት ነው። ትዕግሥት ልጆቿን ሳታለቅስላቸው ቀብራ የሄደችውን እናት ትጫወታለች፤ ከዓመታት በኋላ መቃብሩ ጋ ተመልሳ ሙሾ ታወርዳለች። ደጋግሜ አስደገምኳት። ጋዜጣ ቤት ስሠራ የለመድኩት ነው፤ ጽሑፉ እስኪጠራ ማስደገም። የመጨረሻው ግሩም ነበር። ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ትዕግሥት ምሳ አልነካችም። ትናንትም እንዲሁ። ባሏን የሚጫወተው ሞላ፣ «ኧረ ብዪ፣ ረሃቡ እኮ ትያትር ነው» ብሎ ቀለደባት። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ኋላ ለብቻዋ ጠየቅኳት። እንቅልፍ የላትም። እናቷ በዚያ ዘመን ታናናሾቿን አጥታለች፤ ስማቸውን ቤት ውስጥ አንስታ አታውቅም፤ ት. የሰማችው ከአያቷ ነው። ት. መድረክ ላይ የምታለቅሰው ለእነሱ ነው። ይህን አላወቅኩም ነበር፣ ደብተሬ። ቅዳሜ ለሕዝብ እናሳያለን። ሌላ ተዋናይት የለንም። ልጅቷ ብትታመምብኝስ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14
ያልጠበቅኩት። ከአዳራሹ ጀርባ የሚኖሩት ወ/ሮ አስካለ በልምምዱ መሐል ገቡ። የገብስ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ጠላ ይዘዋል። እዝን፣ ለቅሶ ቤት የሚወሰደው ምግብ! ሰሞኑን ለቅሶው በመስኮት ይሰማቸው ኖሯል። ማን እንደሞተ ጠየቁ። ሞላ ትያትር መሆኑን አስረዳ፣ እያፈረ።
«ይሁና! ያለቀሰች ልጅ አትበላም?» አሉ ወ/ሮ አስካለ።
ሞላ ወንበር አቀረበላቸው።
«ለቅሶ እኮ በሦስተኛው ቀን ሠልስት አለው። ተቀምጠው፣ በልተው ይነሡለታል። እናንተ በየቀኑ አዲስ ሬሳ ታወጣላችሁ።»
ትዕግሥትን አጠገባቸው አስቀመጧት። «ቅመሽ ልጄ። የምታለቅሺው ለማን ነው?»
የአክስቶቿንና የአጎቷን ስም ነገረቻቸው። በእያንዳንዱ ስም «ነፍስ ይማር» አሉ። እኛም አብረን አልን። በላች።

ዓርብ፣ ማታ
ት. ወስናለች። ነገ እናቷ ልታያት ትመጣለች፤ እሷ በተቀመጠችበት አንድ ጊዜ ታለቅሳለች። ከዚያ ወዲያ ሙሾውን አትደግመውም። ትያትሩን የምናሳይባቸው ቀየትና ዓለም ከተማ ገና ይቀሩናል። ልከራከር አሰብኩ። ተውኩት። በእነዚያ ከተሞች የትያትሩ እናት መቃብሩ ጋ ደርሳ ትቀመጣለች፤ አትናገርም። የሙሾውን ገጽ ሰርዤዋለሁ። ከተመልካቹ መሐል የሚያለቅስ ካለ ያልቅስ። ዝምታው ምን ያህል እንዲቆይ አልጻፍኩም።